ለወፍ የበጠበጥኩት ማር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ገና ግማሽ ቀን እንኳ ሳይሞላኝ፣ በእማማ ወፍ የፈሰሰ ገንፎ ጠረግኩባት። ወፏ ግድግዳ ላይ በሚስማር በተንጠለጠለ የወጥ ቤት ፎጣ ላይ የታተመች ነበረች። እኔ በምን ልወቅ? ፎጣ ፎጣ ነው ብዬ አወረድኩና ጠረጴዛውን ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩበት። ዞር ስል እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። አልተቆጡም። "በይ እንግዲህ ሐኪሙን አጥቢልኝና ቦታው መልሺልኝ" አሉኝ።

እማማ የምላቸው ሴት ዘመዴ አይደሉም፤ የአገሬ ሰውም አይደሉም። የጃማይካ ተወላጅ ናቸው። ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የሠሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ሴት ናቸው። እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው። ጠዋት ሄጄ ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ትልቅ ሴት በስሟ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ በመጀመሪያው ሳምንት "እኛ አገር እንደ እርስዎ ያሉትን እማማ ነው የምንለው" አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደጋገሙትና ወደዱት። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው። እዚህም ስጽፍ እንደዚያው ነው።

ያ ፎጣ ላይ ያለው ወፍ ከጃማይካ ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም። እዚህ ሀሚንግበርድ ከሚሏቸው ወፎች ዘር ነው፤ አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚመጥ፣ ክንፉ ከፍጥነቱ የተነሳ ለዓይን የማይያዝ፣ አካሉ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ። የጃማይካው ወንድ ግን ይለያል። ሰውነቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፣ መንቆሩ ቀይ፣ አናቱ ጥቁር፣ ከኋላው ደግሞ ከራሱ ቁመት የሚበልጡ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ጭራዎች ይጎትታል። የአገሩ ሰው "ዶክተር በርድ" ይለዋል። እማማን ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አንድ ቀን የድሮ ሐኪሞች ጥቁር ባርኔጣና ጭራ ያለው ኮት ይለብሱ ስለነበር ነው ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ መንቆሩን እንደ መርፌ አበባ ውስጥ ስለሚሰካ ነው ይላሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ አጥብቄ ስጠይቅ "ዕድሜዬን ሙሉ ከሐኪም ጋር ሠርቻለሁ፣ እንደሱ አምሮ የለበሰ ግን አላየሁም" ብለው ይዘጉታል።

ታሪካቸውን ቁርስ እያበላኋቸው ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። አባታቸው ተራራ ላይ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነበሩ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ካባራ በኋላ ልጃቸውን በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጠው፣ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ የስኳር ውኃ ሞልተው በአንድ እጇ አስያዟት። የሌላኛውን እጅሽን ጣት ከጠርሙሱ አፍ ሥር ዘርጊና ዝም በይ አሏት። የመጀመሪያው ቀን አልመጣም። በሁለተኛው ቀን መጣና አየር ላይ ቆሞ አያት፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ጣቷ ላይ አረፈ፤ እየጠጣም ቆየ። እማማ እዚህ ላይ ሲደርሱ ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ ያደርጉና ጣታቸውን ዘርግተው ያሳዩኛል። ክብደት የለውም ይላሉ፤ ጥፍሮቹ ብቻ እንደ ክር ጫፍ ይሰማሉ። ሁለቱ ጭራዎች ወደ ታች ወርደው እጅ አንጓዋ ድረስ ደርሰው ነበር።

"ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እጄን ይዞኛል" አሉኝ አንድ ጊዜ። "ባሌ፣ ልጄ፣ ሊሞቱ ያሉ በሽተኞች። እንደዚያ ቀን ግን የታመንኩበት ቀን የለም።"

እኔ ወፍ የምወድ ሰው አልነበርኩም። ወፍ ማለት ለኔ ጠዋት መኪናዬ ላይ የሚጥል ነገር ነበር። ግን ይኼን ሲነግሩኝ አንጀቴን በሉት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ በረንዳቸው ላይ ፊደር ተሰቅሎ ነበር፤ ቀይ ክዳን ያለው፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው የወፍ ማጠጫ ጠርሙስ። ከሚያዝያ ማለቂያ እስከ መስከረም ድረስ የዚህ አገር ሀሚንግበርዶች ይመጡበታል። ጉሮሮው ቀይ የሆነ አንድ ወንድና ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ናቸው። እማማ ንቀትና ፍቅር አንድ ላይ ቀላቅለው ነው የሚያዩዋቸው። "ምስኪኖች፣ ጭራ እንኳ የላቸውም" ይላሉ። ወንዱ ሲመጣ "ያገሬ ዘመድህ ቢያይህ በዚህ ልብስ ሰርግ ቤት አያስገባህም" ይሉታል። ቢሆንም ወንበራቸው ከመስኮቱ ፊት ንቅንቅ አይልም። ወፍ ከመጣ መድኃኒትም ይቆያል፣ ምሳም ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ ሰሞን ተጨቃጭቀንበታል። እኔ "ይህችን ወፍ እኮ እኛም አገር አለችን" አልኩ አፌን ሞልቼ። ቆርች ሲያብብ ቀይ አበባው ላይ እየተሰቀለች የምትመጥ፣ የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እማማ "የለችም" አሉ። "አለች" አልኩ። "ቆማ ነው ወይስ እየበረረች የምትጠጣው?" አሉኝ። ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ነው። "እንግዲያው ሌላ ወፍ ናት" አሉ። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ አልተሸነፍኩም። ኮሌጅ ፓርክ የምትማረው ልጄ ስልኳን አውጥታ ሀሚንግበርድ የሚባል ዘር አፍሪካ ውስጥ ጨርሶ እንደሌለ፣ የእኛዋ መልኳ ቢመስልም ዘመድ እንኳ እንዳልሆነች ስታነብልኝ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ለእማማም አልነገርኳቸውም። ይኼ ጠባዬ ነው ኋላ ላይ ጉድ የሠራኝ።

ጠርሙሱን መሙላት የእማማ ሥራ ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለእኔ አስረከቡኝ። ትእዛዙ አጭር ነው፦ አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር በአራት ኩባያ ውኃ፣ ሌላ ምንም። በሙቀት ጊዜ በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ይቀየራል። እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ነው የነገሩኝ፤ እኔም ሁለት በጋ ሙሉ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ጠበቅኩት። በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ግን አንድ ነገር ልቤን ከነከነኝ። እኛ ዘንድ ስኳር በውኃ በጥብጦ ለእንግዳ ማቅረብ ቤት ውስጥ ምንም ሲጠፋ የሚደረግ ነው። እንግዳ ከተከበረ ብርዝ ነው የሚቀርብለት፤ ንጹሕ ማር በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ። እነዚህ ወፎች ደግሞ ከሩቅ አገር ባሕር አቋርጠው ነው የሚመጡት። ያን ሰሞን የባሌ እህት ከጎጃም ነጭ ማር ይዛልኝ መጥታ ነበር። ማርም እኮ ከአበባ ነው የሚመጣው፣ ስኳር ከፋብሪካ ነው ብዬ አሰብኩ። አስቤ ሳበቃ ራሴን አደነቅኩ።

እናም ለወፎቹ ብርዝ በረዝኩላቸው። ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ወፎቹ ሲበዙ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ወንዱ መጣ፣ መንቆሩን ሰደደ፣ አውጥቶ ትንሽ ቆየና ሄደ። ጠግቦ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ንብና ተርብ ጠርሙሱን ወረሩት። የዚያ ሳምንት ሙቀት ለጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሸተው አረፋ አውጥቷል፤ ጠጅ ጠጅ ይላል። እኔ እንዲያውም ማሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጌ ወሰድኩት። አለቅልቄ እንደገና ማር ሞላሁበት። ሐምሌ ሲገባ አንድም ወፍ አልመጣም።

እማማ መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አሉ። ከዚያ ፎቁ ሥር የተቆረጠው ዛፍ ነው አሉ። ከዚያ ምንም ማለት ተዉ። ጠዋት ስመጣ ወንበራቸው እንደ ድሮው መስኮቱ ፊት ነው፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ እጃቸው ሆነ። ገንፎውን ሦስት ማንኪያ ቀምሰው "ይበቃኛል" ይላሉ። የሐኪሙን ወፍ ታሪክም ተዉት። ሦስት ዓመት ስሰማው የሰለቸኝ ታሪክ ሲቀር እንዲህ ቤቱን ያጎድለዋል አላልኩም ነበር።

የእማማ ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ ነው የምትኖረው፤ ከእኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ ጓሮ አለው፤ እናቷን ወደዚያ ለመውሰድ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምናቸዋለች። እማማ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነው። "ወፎቹ አድራሻዬን የሚያውቁት እዚህ ነው።" ሐምሌ ማለቂያ ላይ ግን ልጃቸው እንደ ልማዷ ደውላ ስትጠይቃቸው፣ እኔ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ሳለ፣ "እሺ፣ እመጣለሁ" አሏት።

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "አውቀዋል" አሉኝ።

"ማን ነው ያወቀው እማማ?"

"ወፎቹ። ሊያልቅልኝ መሆኑን አውቀዋል። የሽማግሌ ቤት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይታወቃቸዋል፤ ቀድመውኝ ሄዱ። እኔስ ከእንግዲህ እዚህ ማንን እጠብቃለሁ?"

የዚያኑ ቀን ልጃቸው ኮል አደረገችኝ፤ እያለቀሰች ነው የምታመሰግነኝ። "አንቺ ነሽ ያሳመንሻት፣ አውቃለሁ" አለችኝ። ሥራዬም አልተነካም፤ እዚያው እሷ ቤት እንድቀጥል ተስማማን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በየቀኑ ጠዋት በልትዌይ በሚሉት ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ ወንዙን ተሻግሬ፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ቡናዬ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን አሥር ደቂቃ ሊሆንልኝ ነው። እግዚአብሔር አየልኝ ብዬ ሻማ ሁሉ አበራሁ።

ልጄ ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ ቤት መጣች። ወጥ ቤት ገብታ የማሩን ዕቃ ባዶ ስታየው "ማሚ፣ ሁሉንም ጨረስሽው?" አለችኝ። የእማማ ወፎች ጠጡት ብዬ ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። "ዌይት። ሃኒ ነው የሰጠሻቸው?"

"ንጹሕ የጎጃም ማር።"

"ኦ ማይ ጋድ ማሚ። ዩ ካንት ዱ ዛት።" ስልኳን አወጣች። ይኼ ስልክ ሁልጊዜ እኔን ነው የሚያሸንፈው። ማር በውኃ ሲበጠበጥ ቶሎ ይቦካል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ምላሳቸውን ያሳምማል፣ ሊገድላቸውም ይችላል እያለች አነበበችልኝ። ፊቴን ስታይ ማንበቡን አቆመች። "ሜይቢ ቀምሰው አልወደዱትም፣ ሌላ ቤት ሄደዋል" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ አልተጽናናሁም።

ሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ ጠርሙሱን ፈታትቼ በፈላ ውኃ አጠብኩት። ከክዳኑ ውስጠኛ በኩል ጥቁር ሻጋታ ተጋግሯል። ሻጋታውን በጥርስ ብሩሽ እየፋቅሁ ሳለ እማማ ከውስጥ "ተይው፣ ማን ሊመጣበት ነው" አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እንደ ትእዛዙ አንድ ኩባያ ስኳር በአራት ኩባያ ውኃ አድርጌ ሰቀልኩትና ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ሦስት ነው። አንደኛው እፍረት ነው። ሁለተኛው እንጀራዬን ፈርቼ ነው፤ ነርስ የነበረች ሴት ትእዛዝ የሚቀይር ሠራተኛ ታባርራለች። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የሚያሳፍረው ነው፤ እውነቱን ከነገርኳቸው "እንግዲያው አልሄድም" ሊሉ ይችላሉ፣ እኔም በልትዌዩ ላይ ልቀር ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እከት ጀመር። ፎጣውን ከሚስማሩ ላወርደው ስል እማማ "እሱን እንኳ ተይው፣ ለሚቀጥለው ተከራይ ይሁን" አሉ። ያን ቀን ሐኪሙ ወፍ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲያየኝ ዋለ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እየጾምኩ፣ ውስጤን እየበላኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። ታሪኩን ከሐኪሙ ወፍ ጀምሬ እስከ ሻጋታው ነገርኳቸው። በስልኩ ወዲያ ማዶ ሳቃቸውን እየዋጡ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ግን ቁም ነገር ተናገሩኝ። "ልጄ፣ ወፏን ያሳመምሻት ባለማወቅ ነው፣ ይቅር ይልሻል። ሴትዮዋን ግን እያወቅሽ ነው የምታሳምሚያት። ይኼ ለእኔ የሚነገር አይደለም" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እፊታቸው ቆሜ ነገርኳቸው። ብርዝ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደበረዝኩት፣ ሻጋታውን፣ ልጄ ያነበበችልኝን ሁሉ። "ወፎቹ አልተዉዎትም እማማ። እኔ ነኝ ያባረርኳቸው። ቤትዎም አልቀዘቀዘም" አልኳቸው።

እማማ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አንስተው አዩኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።"

"አሥራ አንድ ቀን" አሉ። "ገንፎ ስመልስ እያየሽኝ?"

ይኼ ልጄ ስልኳን አውጥታ ልትመልስልኝ የምትችለው ነገር አልነበረም።

ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሲያኮርፉ እንደ ነርስ ነው የሚያኮርፉት፤ የሚናገሩት ለሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። "ውኃ።" "ትራስ።" "ግራ እግሬን።" እኔም የታዘዝኩትን እያደረግኩ ተባረርኩ አልተባረርኩ እያልኩ ዋልኩ። አንድ ነገር ግን አየሁ። ገንፎውን ጨረሱት፤ በሁለቱም ቀን፣ ሳህኑን በማንኪያ እየፋቁ።

በሦስተኛው ቀን ገና በር ስከፍት "ያን ለወፎቹ የሰጠሻቸውን ነገር ሥሪልኝ" አሉኝ። የእኔው ስላለቀ በማግስቱ ከሐበሻ ሱቅ ማር ገዝቼ መጥቼ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ በብርጭቆ ሰጠኋቸው። ቀመሱት። እንደገና ቀመሱት። ብርጭቆውን ጨርሰው አስቀመጡና "ለወፍ አይሆንም" አሉ። "ለእኔ ግን ይሆናል። የሰው መጠጥ ለሰው፣ የወፍ መጠጥ ለወፍ። ይኼ ይከብዳል?"

"አይከብድም" አልኩ።

"ፎጣዬን ካርቶን ውስጥ ክተቺው።"

ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። "ይሄዳሉ እንዴ? እኔ እኮ እዚሁ እቆያለሁ የሚሉ መስሎኝ..."

"ደረጃው ገድሎኛል፣ ልጄም አርጅታለች፤ መሄዱንስ መሄድ አለብኝ" አሉ። "ግን ጥለውኝ ስለሄዱ መሄድና እኔ ጥያቸው መሄድ አንድ አይደለም። አንቺ አሥራ አንድ ቀን ያስቀረሽብኝ እሱን ነው።" ከዚያ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጡኝ፤ የሚቀጥለው ተከራይ ከፈለገ እንዲጠቀምበት ጠርሙሱ ታጥቦ፣ ትክክለኛው መጠጥ ተሞልቶበት፣ አንድ ኩባያ በአራት ኩባያ ተብሎ ወረቀት ተጽፎለት በረንዳው ላይ ይቅር አሉ። ወረቀቱን ራሳቸው ነው የጻፉት፤ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረው፦ ማር አይጨመርም።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ አሌክሳንድርያ ገባን። የእማማ ክፍል በሩ ወደ ጓሮ ይከፈታል፤ አጥሩ ላይ ብርቱካናማ አበባ ያለው ሐረግ ተንጠላጥሏል። አዲስ ፊደር ገዝቼ ከክፍላቸው ፊት ለፊት ሰቀልኩ፤ ስኳሩን ስለካ እማማ በዓይናቸው ይከታተሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት ወፍ መጣች። ወደ ደቡብ ለመሄድ እየሰባች ያለች ትንሽ ግራጫ አረንጓዴ ነገር፤ ቀይ ጉሮሮ እንኳ የላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ግድም ትመጣለች። እማማም ስምንት ማንኪያ፣ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ከዚያም ሳህኑን ሙሉ መብላት ጀመሩ። ታሪኩም ተመለሰ፤ በረንዳው፣ አባታቸው፣ የመድኃኒት ጠርሙሱ፣ እጅ አንጓ ድረስ የወረዱት ጭራዎች። ሰለቸኝ ብዬ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።

አንድ ጠዋት ፊደሩን ከተሰቀለበት እንዳወርደው አዘዙኝ። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አሳጠቡኝ፣ የስኳር ውኃ አስሞሉኝ፣ አፉ ዙሪያ ቀይ ሪባን አስጠመጠሙኝ። ወንበራቸውን ፊደሩ የነበረበት ቦታ ሥር አስቀመጥኩት። ሊያደርጉ ያሰቡት ገባኝ፤ ዘጠና ዓመት የሚጠጋቸው ሴት የሰባት ዓመቷን ልጅ ሊደግሟት ነው። ልጃቸው በመስኮት እያየች በምልክት "ምንድነው?" ትለኛለች፤ እኔም በምልክት ዝም በይ አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን ወፏ መጣች፣ ጠርሙሱን የያዘው እጅ ሲንቀጠቀጥ አየች፣ ሄደች። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። ጠርሙሱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የስኳሩ ውኃ ቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን እማማ ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "እጄ እምቢ አለ" አሉ። ምሬት አልነበረውም፤ የበሽተኛን ሙቀት እንደሚናገር ነርስ ነው የተናገሩት።

ጠርሙሱን አንስቼ በቀኝ እጄ ያዝኩ። ከጎናቸው ተንበርክኬ ግራ እጄን ከእጃቸው ሥር አስገባሁና መዳፌን ደገፍ አደረግኩላቸው። ክርኔን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደገፍኩ። ጣታቸውን ዘረጉ። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ በእኔ እጅ ውስጥ አልቆ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

መጣች። መጀመሪያ ድምጿ ነው የተሰማኝ፤ ጆሮ ሥር የሚያልፍ ትንሽ ሞተር ይመስላል። አየር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ እማማን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ወደ ኋላ ሸሸች። ተመለሰች። መንቆሯን ጠርሙሱ ውስጥ ሰደደች፣ ከዚያ ክንፏን አጠፈችና የእማማ ጣት ላይ አረፈች። ጭራ የላትም፣ መንቆሯም ቀይ አይደለም፣ ሐኪምም አይደለችም። እየጠጣች ቆየች። የእማማ ጣት ሲሞቅ በመዳፌ ተሰማኝ። ዕንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ እጄን አንስቼ መጥረግ አልቻልኩም።

ወፏ በርራ ስትሄድ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም። እማማ ነበሩ ቀድመው የተናገሩት።

"ይህችኛዋ ይቅር ብላሻለች" አሉኝ።

"እርስዎስ እማማ?"

"እኔ ገና እያሰብኩበት ነው" አሉ፤ እጃቸውን ግን ከእጄ ላይ አላነሱም።